የግርጌዋ መስመር፦ የመጀመሪያው የዋርጌም ደንቤ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ይጻፍ

ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛኋት የዋርጌም (የጦርነት ጨዋታ) ደንብ 48 ገጽ ያላት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ከአክስቴ ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ተጫወትንባት። በሁለቱ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ደንቡ እንደሚለው አልተጫወትንም። ይህንን ያወቅነው ደግሞ ዋርጌም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው መጽሐፏን አንድ ሳምንት ወስዶ ካነበባት በኋላ ነው።

ስህተቱ ትንሽ ነው፤ አንዲት መስመር ነች። ስህተቱን ለማከም የሄድንበት መንገድ ግን ረጅም ነበር። ልጽፍ የተነሳሁትም በዋናነት ስለዚያ መንገድ ነው። አዲስ ደንብ ገዝቶ ጠረጴዛው ፊት ግራ የተጋባ ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አስባለሁ። ለሌሎች መመሪያ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠቀምበታል።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። የመጽሐፏንም ስም ትቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

የሚኒየቸር ዋርጌም ማለት በትንንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ነው። እንደ ቼዝ የተሰመረ ሰሌዳ የለውም። ርቀት የሚለካው በሜትር ወይም በማስመሪያ ነው። ውጤቱን የሚወስነው ዳይስና ሰንጠረዥ ነው። ወታደሮቹን ከአንድ ቦታ፣ ደንቡን ከሌላ ቦታ መግዛት የተለመደ ነው። ምስሎቹ ያለ ደንብ የመደርደሪያ ጌጥ ናቸው።

እኔ 14 ዓመቴ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ 16። ወታደሮቹ አስቀድመው ነበሩን። ለስላሳ ፕላስቲክ ናቸው፤ ባለ ጦር፣ ቀስተኛ፣ ፈረሰኛ። እስከዚያ ድረስ የምንጫወተው በራሳችን ስምምነት ነበር፤ ስምምነቱ ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆይም። «ገድዬዋለሁ!» «አልሞተም!» እየተባባልን እንለያያለን። ስለዚህ መጽሐፏን ሳገኛት የፈለግሁት ነገር ግልጽ ነበር፤ የሚዳኘን ነገር።

የጥንቱን ዘመን ጦርነት የምትመለከት መጽሐፍ ናት። ሽፋኗ ላይ አንድ በእጅ የተሳለ ፈረሰኛ አለ። ውስጧ ሥዕል የለም፤ ጽሑፍ ብቻ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ አንቀጾቹ ቁጥር አላቸው፤ መሀል ላይ ደግሞ አራት ገጽ ሙሉ ሰንጠረዥ። የመጀመሪያውን ምሽት ከዳር እስከ ዳር አነበብኳት። አንድም ነገር አልገባኝም፤ ግን በጣም ደስ አለኝ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ፈረስ በአንድ ተራ ምን ያህል እንደሚሮጥ አስቦበታል። ጋሻ ከግራና ከቀኝ እኩል እንደማይከላከል አስቦበታል። ሠራዊት ሰው ከማለቁ በፊት ሞራሉ እንደሚያልቅ አስቦበታል። ያ ስሜት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ለጉዳዩ የሚያስፈልጉትን አራት ነገሮች ልዘርዝር። አንድ ምስል 20 ወታደር ይወክላል። ርቀት የሚነገረው በእርምጃ ነው። የሞተ ሰው በሰንጠረዥ ይሰላል፤ 20 ሲሞላ አንድ ምስል ይነሳል፤ ትርፉ ለሚቀጥለው ተራ ወረቀት ላይ ይያዛል። አንድ ጭፍራ ገና ሳይጋጠም ከምስሎቹ አንድ አራተኛውን ካጣ ደግሞ የሞራል ፈተና ይወስዳል፤ ከወደቀ ይቆማል ወይም ይሸሻል።

ችግሩ

የመጀመሪያው ውጊያ አምስት ሰዓት ወሰደ፤ በአምስት ሰዓት ሦስት ተራ ብቻ ተጫወትን። ይሄ ችግር ነው ብለን አላሰብንም። አዲስ ስለሆንን ነው አልን፤ እውነትም ነበር። በአምስተኛውና በስድስተኛው ውጊያ ፈጠንን። ያኔ ነው ሌላው ነገር መታየት የጀመረው።

ፈረሰኛ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

አንድ ውጊያ ልግለጽ፤ ምክንያቱም ሁሉም ይመሳሰሉ ነበር። የአክስቴ ልጅ ስምንት ቀስተኞች ኮረብታ ሥር አሰለፈ። እኔ ፊት ለፊታቸው ስምንት ፈረሰኞች አመጣሁ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 160 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀስት የሚደርስበት የመጨረሻው ርቀት። ቀስተኞቹ ተኮሱ። ሰንጠረዡ 28 ሰው ሞተ አለ። አንድ ፈረሰኛ አነሳሁ፤ ስምንቱን ትርፍ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከስምንት አንድ ማጣት አንድ አራተኛ አይሞላም፤ ስለዚህ የሞራል ፈተና የለም። ተራው የኔ ሆነ። ሰባቱ ፈረሰኞች 180 ሚሊ ሜትር ጋለቡ፤ ቀስተኞቹ ላይ ደረሱ፤ ረገጧቸው። አለቀ።

ቀስተኛ አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩሳል፤ ከዚያ ይሞታል። ስለዚህ ቀስተኛ የሚያሰልፍ ሰው ጠፋ። ቀጥሎ ባለ ጦር ማሰለፍም ተወ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለታችንም የምናመጣው ፈረሰኛ ብቻ ሆነ። ጨዋታው ሁለት የፈረስ መንጋ መሀል ላይ ተላትሞ ዳይስ የሚወረወርበት ነገር ሆነ። አንብቤ የወደድኩት መጽሐፍ ይህ አልነበረም።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ የሠራነው ጥሩ ሥራ ነበር። ሰንጠረዦቹን በሙሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ገለበጥናቸው። ገጽ ማገላበጥ ቀረ፤ ውጊያው ከአምስት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ። ወረቀቱን በወፍራም ካርቶን ላይ ለጠፍነው፤ መጽሐፏ ወደ መሳቢያ ገባች። ይህ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎናል፤ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ከደንቡ ጋር አይገናኝም፤ ግን ብዙ ሰው ስለሚቸገርበት ልናገር። በለስላሳ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። በተለይ የጦሩ ጫፍ ጎንበስ ሲል ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ምስሉን መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ መቀባት፣ ቀለሙን ከዚያ በላይ ማድረግ። ብዙውን ይይዛል።

ሦስተኛው እርምጃ ነው ዋናው። የአክስቴ ልጅ «ቀስት ደካማ ስለሆነ ነው፤ በእጥፍ እናድርገው» አለ። ተስማማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ቀስተኞች 28 ሳይሆን 56 ሰው ይገድሉ ጀመር። 56 ማለት ሁለት ምስል ነው። ከስምንት ሁለት ደግሞ በትክክል አንድ አራተኛ። ፈረሰኛው ከመድረሱ በፊት የሞራል ፈተና መውሰድ ግድ ሆነበት። አንዳንዴ ያልፋል፤ አንዳንዴ ይወድቃል። ጨዋታው ነፍስ ዘራ። አገኘነው ብለን ነበር።

ለሁለት ሳምንት ያህል። ከዚያ ባለ ጦሮቹ መጡ።

የባለ ጦር ጭፍራችን 20 ምስል አለው። በአንድ ተራ የሚሄደው 90 ሚሊ ሜትር ነበር። ከ160 ሚሊ ሜትር ተነስቶ ቀስተኛው ጋ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ይተኮስበታል፤ በእጥፍ ሲሰላ 112 ሰው ይሞታል። አምስት ምስል ተነሳ ማለት ነው። ከ20 አምስት አንድ አራተኛ ነው። እግረኛው ሁልጊዜ ይፈተናል፤ በተደጋጋሚም ይሸሻል። አሁን የማይቻለው ቀስተኛ ሆነ።

ሌላ ማስተካከያ ጨመርን። የእግረኛው ትጥቅ አንድ ደረጃ ይውጣ፤ ቀስት ያን ያህል አይጎዳው። ቀስቱን ፈታው። ግን በደንቡ ያው የትጥቅ ደረጃ በእጅ ለእጅ ውጊያም ይቆጠራል። ስለዚህ ባለ ጦሩ ሲጋጠም ማንም የማይችለው ሆነ። ለዚህም ሌላ ማስተካከያ አበጀን፤ ፈረሰኛ ሲጋጠም በመጀመሪያው ተራ ተጨማሪ ነጥብ ይኑረው። ለዚያም ሌላ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ካርቶኑ ጀርባ ላይ አምስት የቤት ደንብ፣ ማለትም ራሳችን የጨመርነው ደንብ፣ ተጽፎ ነበር። እያንዳንዱ የቀደመውን ለማስታገስ የገባ ነው። አንዱም ግን በስንፍና የገባ አልነበረም። እያንዳንዱን ሦስት አራት ጊዜ ሞክረነዋል፤ ውጤቱን በደብተር ጽፈናል። ደብተሩ አሁንም አለኝ። ጥረቱ እውነተኛ ነበር፤ የቆመበት መሠረት ነው የተሳሳተው።

ሦስተኛው ሰው

ነገሩን የቀየረው ጠብ ነው። በደንቡ መሠረት ሁለቱም ተጫዋቾች ትእዛዛቸውን በወረቀት ጽፈው በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ። አንድ ቀን «የግራው ፈረሰኛ ወደ ኮረብታው» ብዬ ጻፍኩ። ኮረብታ ሁለት ነበር። የቱ ነው በሚለው ተጣላን፤ ድምፃችን ሳሎን ድረስ ተሰማ። ሁለታችንም ጋሼ የምንለው አጎታችን መጣ።

ጋሼ ሥራው ንድፍ ነው፤ የቤት ፕላን ይሠራል። ዋርጌም ሰምቶም አያውቅም። «ዳኛ ሁነን» አልነው። «ደንቡን ሳላውቅ እንዴት ነው የምዳኘው?» አለና መጽሐፏን ጠየቀ። ካርቶኑን ሰጠሁት። «አይ፣ ዋናውን» አለ። ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት።

ሳናውቀው ያደረግነው ነገር ከጨዋታው ሁሉ የቆየ ልማድ ነበር። ዘመናዊው ዋርጌም የተወለደው በፕሩሺያ፣ በቀድሞው የጀርመን መንግሥት፣ ነው። ባሮን ፎን ራይስቪትስ የጀመረውን የጦር መኮንን ልጁ አሻሽሎ በ1824 አሳተመው። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቾቹ ደንቡን ማወቅ አይጠበቅባቸውም ነበር። ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ የሚለካውም፣ ዳይስ የሚጥለውም፣ ውጤቱን የሚናገረውም ዳኛው ነው። በ1876 ደግሞ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኖይስ የተባለ የጦር መኮንን ልምድ ያለው ዳኛ ሰንጠረዡን ትቶ በራሱ ፍርድ ይወስን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ዳኛ የሌለው የሁለት ሰው ጨዋታ፣ እንደኛ ያለው፣ በኋላ የመጣ ነው። ሁለት ተጫዋች ለራሱ የሚጠቅመውን እያሰበ ደንብ ሲያነብ አንዳንድ ነገር ያመልጠዋል። ሦስተኛው ሰው የሚያሸንፍበት ነገር ስለሌለው ያየዋል።

ጋሼ ከሳምንት በኋላ መጽሐፏን ይዞ መጣ። ከኋላ ኪሱ እርሳስ አወጣ። ጥያቄው አንድ ነበር።

«የናንተ ወታደሮች ትልልቆቹ ናቸው ትንንሾቹ?»

«ትንንሾቹ» አልን።

«እና ለምን በትልልቆቹ ትሄዳላችሁ?»

ገጽ 11ን ገለጠ። የእንቅስቃሴ ሰንጠረዡ እዚያ አለ። ፈረሰኛ ሲያጠቃ 180፣ እግረኛ 90። እኛ ሁለት ዓመት ያየነው ይህንን ነው። ጋሼ እርሳሱን ወደ ገጹ ግርጌ አወረደው። በደቃቅ ፊደል አንዲት መስመር አለች። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ለትልልቅ ምስሎች በሚሊ ሜትር የተሰጡ ናቸው፤ ለትንንሽ ምስሎች ሁለት ሦስተኛው ይወሰድ ትላለች።

የቀስቱ ርቀት ያለው ሌላ ገጽ ላይ ነው። እዚያ ቁጥሩ በእርምጃ ነው፤ 240 እርምጃ። ያንን በመለወጫው ሰንጠረዥ አስልተን በትክክል 160 ሚሊ ሜትር አግኝተን ነበር። ስለዚህ ቀስቶቻችን በትንሹ ስኬል (የመጠን ምጥጥን) ይተኩሳሉ፤ ሰዎቻችንና ፈረሶቻችን በትልቁ ስኬል ይሄዳሉ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት መሬት ነበረን።

እንዴት አየኸው አልኩት። «ፕላን ስትሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ስኬሉን ነው» አለኝ። «ሌላውን ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የማነበው።»

ከእርማቱ በኋላ

ካርቶኑን ገልብጠን አምስቱንም የቤት ደንብ ሰረዝናቸው። ፈረሰኛ 120፣ እግረኛ 60 ሆነ። ከዚያ ያንኑ የድሮ ውጊያ ደገምነው። ስምንት ቀስተኞች፣ ስምንት ፈረሰኞች፣ 160 ሚሊ ሜትር።

የመጀመሪያው ተኩስ 28። አንድ ፈረሰኛ ተነሳ። ፈረሶቹ 120 ጋለቡ፤ 40 ሚሊ ሜትር ሲቀራቸው ቆሙ። ሁለተኛው ተኩስ፣ ሌላ 28። ድምሩ 56፤ ሁለት ምስል፤ አንድ አራተኛ። የሞራል ፈተና። የአክስቴ ልጅ ዳይሱን ሲያነሳ እጁ ላይ ያለውን ዝምታ አስታውሰዋለሁ። እጥፉን ሳንጨምር፣ ምንም ሳንነካ፣ ደንቡ ራሱ ሁለት ዓመት የፈለግነውን ነገር አደረገ።

ቀጥሎ ባለ ጦሮቹን ሞከርን። በ60 ሚሊ ሜትር ሲሄዱ ሦስት ጊዜ ይተኮስባቸዋል። ሦስት ጊዜ 28፣ 84። አራት ምስል ተነስቶ አራት ሰው ይተርፋል። ከ20 አራት አንድ አራተኛ አይሞላም። እግረኛው እየተጎዳ ግን ሳይፈተን ይደርሳል።

ይህን ሳይ የደራሲው እጅ ታየኝ። ስምንት ፈረሰኛ በፊት ለፊት ቀስተኛ ላይ ቢጋልብ ልቡ መፈተን አለበት። 20 ባለ ጦር ጋሻውን ይዞ ዝም ብሎ ቢሄድ ይደርሳል። አንድ ሰው ይህንን አስቦ ቁጥሮቹን አስተካክሏል። የጭፍራው መጠን፣ የቀስቱ ርቀት፣ የእርምጃው ፍጥነት፣ አንድ አራተኛው፣ ሁሉም እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። እኛ አንዱን ክር ስንስት ጨርቁ በሙሉ ተጨማደደ።

የመጀመሪያው ማስተካከያችን ለምን ያታለለን እንደነበረም ያኔ ገባን። በፈረሰኛ ላይ አንድ ተኩስ በእጥፍ ሁለት ተኩስ ነው፤ ትክክለኛውም ሁለት ነው። ውጤቱ ልክ ነበር። በእግረኛ ላይ ግን ሁለት ተኩስ በእጥፍ አራት ይሆናል፤ ትክክለኛው ሦስት ነው። ማስተካከያው በሞከርንበት ቦታ ልክ፣ ባልሞከርንበት ቦታ ስህተት ነበር። በሁለት ሳምንት ፈተና ላይ ተማምነን ዘጋነው።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው፣ አጭር ማጠቃለያ ወረቀት። ጊዜን ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ ዛሬም ለማንኛውም አዲስ ደንብ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ሁለተኛው የሠራው ደብተሩ ነው። ውጤት ባንጽፍ ኖሮ ከእርማቱ በኋላ የትኛው የቤት ደንብ የትኛውን እንደወለደ መለየት አንችልም ነበር። ከሁሉ በላይ የሠራው ግን ዳኛ ማስቀመጥ ነው። ጋሼ ከዚያ በኋላ ሰባት ስምንት ጊዜ ዳኘን። እሱ ሲኖር እኛ ስለ ሰንጠረዥ አናስብም፤ ስለ ኮረብታው ብቻ ነው የምናስበው።

ያልሠራው የቤት ደንብ ነው፤ ቢያንስ እኛ በገባንበት ሰዓት። የቤት ደንብ በራሱ መጥፎ አይደለም። ዋርጌም ያደገው ሰዎች ደንብ እየነካኩ ነው። ግን እኛ ያስተካከልነው ደንቡን አልነበረም፤ የራሳችንን ንባብ ነው። ያላነበብነውን ነገር ነበር ስናሻሽል የከረምነው።

ማጠቃለያ ወረቀቱም ጎን ለጎን ጉዳት አድርሷል። ገጽ 11ን ስገለብጥ ሰንጠረዡን ገለበጥኩ፤ የግርጌዋን መስመር ተውኩ። ጊዜ ልቆጥብ ብዬ ነው። ከዚያ መጽሐፏ መሳቢያ ስትገባ መስመሯም አብራ ገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅነው መጽሐፉን ሳይሆን ቅጂውን እያየን ነበር። የስህተቱ ግማሽ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ይህን ማስቀመጥ አለብኝ።

ደራሲውም ድርሻ አለው። በአንዱ ገጽ እርምጃ፣ በሌላው ሚሊ ሜትር፣ ለአንዱ የምስል መጠን ብቻ አስልቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያውን ግርጌ ላይ መደበቅ፣ ልምድ ላለው አንባቢ ነው የሚሆነው። እሱ ስኬሉ በራሱ ውስጥ ስላለ አይስትም። አዲስ ሰው ግን ጉልህ የሆነውን ቁጥር ነው የሚያነበው።

ለሌላ የሚተርፍ ትምህርት

ከዚያ በኋላ ብዙ ደንብ አንብቤያለሁ፤ የቆየውንም አዲሱንም። በእያንዳንዱ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ርቀቱ በምን እንደሚለካ ነው። በዚህ ረገድ የድሮዎቹ ያስደንቃሉ። በ1824ቱ የፕሩሺያ ጨዋታ ካርታው 1፡8000 ነው፤ ወታደሮቹን የሚወክሉት ቁራጮችም በዚያው ስኬል ነው የተሠሩት። አንድ ተራ ሁለት ደቂቃ ነው። ጭፍራ የሚሄደው በሁለት ደቂቃ ሊሄድ የሚችለውን ያህል ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ባሳተመው «ሊትል ዋርስ» ደግሞ ስኬል የሚባል ጣጣ የለም። እግረኛ አንድ ጫማ ርቀት፣ ፈረሰኛ ሁለት ጫማ ርቀት ወለሉ ላይ ይሄዳል። መድፉ በሞላ የሚሠራ የአሻንጉሊት መድፍ ነው፤ የእንጨት ጥይቱ የመታው ወታደር ይወድቃል፤ የወደቀ ሞተ። የሚለወጥ ቁጥር ከሌለ በመለወጥ የሚሳሳት ሰው የለም።

በኔ እይታ ለእንዲህ ያለው ችግር ምርጡን መልስ የሰጠው ዲቢኤ ነው። በ1990 የወጣ፣ በየወገኑ 12 ቁራጭ ብቻ የሚያሰልፍ ደንብ ነው። የሞተ ሰው አይቆጥርም። በየተራው አንድ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ስንት ትእዛዝ መስጠት እንደምትችል ይነግርሃል። የመጀመሪያዎቹ እትሞች ርቀትን በእርምጃ ይናገሩ ነበር። በ2014 የወጣው 3.0 እትም ግን ርቀቱን ሁሉ በምስሉ መቆሚያ ስፋት አደረገው። የ15 ሚሊ ሜትር ምስል መቆሚያ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ25ቱ 60። ምስሉ ሲያድግ መለኪያው አብሮት ያድጋል። ሁለት ሦስተኛው ራሱ መቆሚያው ውስጥ ገባ። የሚዘለል የግርጌ መስመር አያስፈልግም።

ለደንብ ጸሐፊ የምለው ይህን ነው። አንባቢህ ሊስት የሚችለውን ነገር በማስጠንቀቂያ ከምታጥር፣ መሳት እንዳይቻል አድርገህ ሥራው። ካልተቻለ ደግሞ አንድ ውጊያ ከነቁጥሩ አሳይ። ዶናልድ ፌዘርስቶን በ1962 ባሳተመው የዋርጌም መጽሐፍ ከሦስት ዘመን ሦስት ውጊያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተርኳል። የኔ መጽሐፍ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ምሳሌ ቢኖር፣ ፈረሰኛው 40 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቆሙን ባነብ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እንነቃ ነበር።

ለተጫዋች የምለው ከዚህ ይለያል። ደንቡ የማይረባ ውጤት ሲሰጥህ፣ ለምሳሌ አንድ ዓይነት ወታደር ሁልጊዜ ሲያሸንፍ፣ ደራሲው ይህንን አላየም ብለህ አትቸኩል። አብዛኛውን ጊዜ አይቷል። መጀመሪያ ከማጠቃለያው ውጣና ዋናውን ገጽ፣ ከነግርጌው፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። ከዚያ ለማይጫወት ሰው ስጠው። የማይጫወት ሰው ከባዱን ነገር ላይገባው ይችላል፤ የተዘለለውን ግን ያያል። ሁለቱን ካደረግህ በኋላም ቀስት ደካማ ከሆነ፣ ያኔ ንካው። ስትነካው ደግሞ ከአንድ በላይ ጠላት ላይ ሞክረው።

እነዚህን ልማዶች ዛሬ ሥራዬ ላይም እጠቀምባቸዋለሁ። የምሠራው ከቁጥር ጋር ነው። አንድ ሪፖርት አልገጥም ሲል እጄ ወደ ማስተካከያ ከመሄዱ በፊት የሁለቱ ዓምድ መለኪያ አንድ መሆኑን አያለሁ። ስንት ጊዜ እዚያው እንደተገኘ አልቆጠርኩም፤ ብዙ ነው።

መጽሐፏ አሁን

መጽሐፏ አለችኝ። ጀርባዋ ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል። ገጽ 11 ላይ፣ ከእያንዳንዱ የታተመ ቁጥር ጎን በጋሼ እርሳስ የተጻፈ ሁለተኛ ቁጥር አለ። ከ180 ጎን 120፣ ከ90 ጎን 60፣ እስከ ታች ድረስ። የንድፍ ሰው ስለሆነ ቁጥሮቹ እኩል ቁመት አላቸው፤ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። የግርጌዋን መስመር አስምሮባታል፤ ሁለት ጊዜ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ሁለት ልጆች አሉት። ባለፈው መጥቶ መጽሐፏን ተዋሰኝ። ትልቁ ልጁ ማንበብ ጀምሯል፤ ገና ሰንጠረዡ ጋ አልደረሰም።